ወገኑ ያልታወቀው ቁጥቋጦ

በደረቁ ዕፅዋት ክፍል የሚሠሩት ሁሉ «ሙጫዋ» ነበር የሚሏት። ሥራዋ የደረቀ ቅርንጫፍ በወፍራም ወረቀት ላይ ማጣበቅ ነው። ስሙን ከመልመዷ የተነሳ ስልክ ስታነሳ ሳይቀር «አቤት፣ ሙጫዋ ነኝ» ትል ነበር።

ክፍሉ ምድር ቤት ነው። እያንዳንዱ ተክል በቤተሰቡ፣ በወገኑና በዝርያው ተለይቶ ቁምሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ያልተለየው በሩ አጠገብ ወዳለው ዝገታም ቁምሳጥን ይገባል፤ እዚያ የገባ ተረሳ ማለት ነው።

አንድ ቀን ያን ቁምሳጥን ስታጸዳ የማታውቀው ቁጥቋጦ እጇ ገባ። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት የበቀሉ፣ ከላይ ልሙጥ፣ ከሥር ግን ነጭ ጸጉር የለበሱ ናቸው። ቅርፊቱ በስሱ ይላጣል። በየቅጠሉ ብብት ትንንሽ ቢጫ አበቦች በዘለላ ወጥተዋል። የላይኛው ፎቅ ቧንቧ ባፈሰሰ ጊዜ መግለጫውን ውሃ አጥቦት «ኮረብታ» ከምትል ቃል በቀር የሚነበብ አልነበረም።

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተሯ አጉሊ መነጽሯን ደቅና ብዙ ቆየች።

«ቤተሰቡ ገብቶኛል» አለች። «ወገኑ ግን ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይም ጭራሽ አዲስ ነው። የሚለያቸው ፍሬው ነው። የአንዱ ደረቅና ክንፍ ያለው፣ የሌላው ሥጋማ። ይሄ ደግሞ ፍሬ የለውም። የእጅ ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ፤ የሰበሰበው ሰው ግን ሞቷል። አብሮት የወጣ ሰው ብናገኝ…»

ሙጫዋ ሳቀች። አብሮት የወጣው ሰው እቤቷ ተኝቷል። አባቷ ሰብሳቢውን ሲያመላልሱ ኖረው ከዚያው መሥሪያ ቤት በሾፌርነት ጡረታ የወጡ ናቸው፤ አሁን ልባቸው ደክሞ አልጋ ይዘዋል።

ማታ ፎቶውን በስልኳ ስታሳያቸው ቀና አሉ። «ይቺን! ለእናትሽ ቆርጬ አምጥቼላት ጠውልጋ ደረሰችና ስቃብኝ አልነበር!»

«መንገዱን ይነግሩኛል፣ አባባ?»

«በአፍ አላውቀውም። መሪ ስይዝ ነው የሚመጣልኝ።»

መሪ ማስያዝማ አይሞከርም። ዶክተሯ እየነዳች፣ እሳቸው ከጎኗ በትራስ ተደግፈው፣ «ቀኝ! ቀኝ አልኩ'ኮ!» እያሉ ተጓዙ። ሙጫዋ ከኋላ ሆና ትንፋሻቸውን ታዳምጣለች። እንዲህ ሲጮኹ ከሰማቻቸው ዘመን የለውም፤ ደስም አላት፣ ፈራችም።

ሲደርሱ ግን ኮረብታው የለም። ከአንድ ጎኑ በቀር ተገምሶ የድንጋይ ካባ ሆኗል፤ ማሽን ያጓራል፣ አቧራው ዓይን አያስገልጥም።

«ኮረብታው የት ሄደ?» አሉ አባቷ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው።

«ለመንገድ ሄደ፣ አባቴ» አላቸው ዘበኛው። «የመጡበት መንገድ እሱው ነው።»

ሽማግሌው መስኮቱን መልሰው ዘጉት።

ሁለቱ ሴቶች በካባው ጠርዝ ዞሩ። ሙጫዋ ነበረች ያየችው፤ አንድ ቁጥቋጦ፣ ከሰው ቁመት ጥቂት ከፍ ያለ፣ አቧራ ለብሶ ያበበ። ቅጠሉን ገልብጣ ነጩን ጸጉር ስትዳብሰው እንባዋ መጣ። ዶክተሯ አንድ አበባ ቀጥፋ በጥፍሯ ፈለቀቀችና መነጽሯን ደቀነች። ሌላ ቀጠፈች። ሌላም።

«ምነው?» አለች ሙጫዋ።

«ወንዴ ነው። ወንዴና ሴቴው በየራሱ ተክል ላይ ነው የሚያብበው። ይሄ የአበባ ዱቄት እንጂ ፍሬ የሚሆን ክፍል የለውም። እኛ ጋ ያለውም ወንዴ ነበር ማለት ነው።»

ሴቴዋን ፍለጋ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ገደሉን ቧጠጡ። አንድም የለም። አባቷ ከመኪናው ውስጥ ጥሩምባ እየነፉ «አገኛችሁ?» ይላሉ። እየቆዩም ነፉ፤ በኋላ ተዉት።

የካባው አለቃ «እሺ፣ ማሽኑ ቁጥቋጦውን ዞሮ ይሄዳል» ብሎ ቃል ገባ። ዶክተሯ ቅርንጫፍ ቆርጣ በየሳጥኑ ተከለች፤ ሁሉም ከሥር ጠቁረው በሰበሱ። ብዙ ቦታ ደወለች፣ እንዲህ ያለ ሴቴ ያየ አልተገኘም። በመጨረሻ የቤተሰቡን ስም ጻፈችና ከሥሩ «ወገን፦ አልታወቀም» ብላ ወረቀቱን ለሙጫዋ ሰጠቻት። ሙጫዋ ዝገታሙ ቁምሳጥን ውስጥ መለሰችው።

አባቷ ማታ ማታ «ሴቴዋስ?» ይሏታል። «እየፈለጉ ነው፣ አባባ» ትላቸዋለች። የሚፈልግ አልነበረም። እሳቸውም ሳያውቁት አይቀሩም፤ ኋላ ኋላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር የሚጠይቋት። ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ።

ሐዘኗን ጨርሳ ሥራ ከመግባቷ በፊት ብቻዋን ወደ ካባው ሄደች። ጠርዙ የለም። ቁጥቋጦው የነበረበት አየር ሆኗል።

«አዲስ ኦፕሬተር መጥቶ ነበር» አለ ዘበኛው አንገቱን እያከከ። «ለእሱ ማን ነገረው?»

ወደ ታች ወርዳ ከጠጠሩ መሃል ሥር እንኳ ብታገኝ ብላ በእጇ ጫረች። ጠጠር ብቻ ነው። ሲመሽባት ድንጋይ የጫነ መኪና አሳፈራት።

«ምን ጠፍቶሽ ነው እንዲህ አቧራ የሆንሽው?» አላት ሾፌሩ።

«ተክል።»

«ተክል? ኧረ እሱስ የትም ሞልቷል!» አለና ማርሽ ቀየረ።

ቀሚሷን አራገፈች፤ አቧራው ግን አልለቅ አላት።