የታችኛው ጭቃ

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ጠርሙሶቹን ነው። ከመስኮቱ ሥር፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ አሥር የሚሆኑ የላስቲክ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ሁሉም ቡናማ ውሃ ይዘዋል። ሽንት መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ።

«ግቢ እንጂ እህቴ፤ አንነክስም» አለችኝ ከጥግ የተቀመጠች ሴት። ጨርቅ ነጋዴ ነበረች፤ በዕድሜም በቆይታም ከሁሉም ስለምትበልጥ እትዬ ይሏታል። የመኝታ ቦታ የምታድለው እሷ ናት።

ወሩ ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ ገብቷል። ፖሊሶቹ ቤታችን የመጡት ባለቤቴን ፈልገው ነበር። እሱን ሲያጡ እኔን ወሰዱ። የስምንት ወር ልጄን ለእህቴ ሰጠኋት። ፀጉሬን እንኳ ሻሽ ለማሰር ጊዜ አላገኘሁም።

ክፍሉ እርጥብ ብርድ ልብስና በረኪና ይሸታል። ከእኔ ጋር ሰባት ሆንን። ቦታዬ ከጠርሙሶቹ አጠገብ ደረሰኝ። እግሬን ስዘረጋ መነጽሯን በክር የጠገነች ቀጭን ሴት ቶሎ እጇን ዘረጋች።

«እባክሽ አትንኪያቸው። እየጠለሉ ነው።»

በክረምት የግቢው ቧንቧ የሚያመጣው አፈር ነበር። እሷ ውሃውን በየጠርሙሱ ቀድታ አንድ ቀን ታቆየዋለች። አፈሩ ሲወርድ ላይ ላዩን ታጠጣናለች። ያን ዕለት ስትቀዳ ግን አየኋት። ጠርሙሱን በአንድ ጊዜ ስለምትዘቀዝቀው ግማሹ ይደፈርስባታል። እናቴ ጠላ ሸጣ ነው ያሳደገችኝ። አተላው ሳይነቃ መቅዳት በልጅነቴ የተገረፍኩበት ትምህርት ነው።

«ስጪኝማ» አልኳት። ጠርሙሱን በክርኔ ደግፌ፣ ትንሽ በትንሽ አዘንብዬ ቀዳሁ። ጭቃው ከታች እንደተኛ ቀረ።

በመገረም አየችኝ። «እኔ ይሄን ሥራ በመርከብ ላይ ስሠራ እጄ እንዲህ አይረጋም።»

«በመርከብ ላይ ጠላ ትጠምቂያለሽ?» አለች እትዬ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ከተያዝኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ።

ሥራዋን የነገረችን ያን ቀን ነው። ከምድር ደቡብ ጫፍ፣ በረዶው ባሕር በሚነካበት ዳርቻ፣ የባሕሩን ወለል ጭቃ ታጠናለች። ረጅም የላስቲክ ቱቦ ወደ ጭቃው ይሰድዳሉ። ሲያወጡት ጭቃው እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ ይወጣል። የላይኛው የዘንድሮ ነው፤ የታችኛው ከአያቶቻችን በፊት የወረደ። እየቆራረጡ በየንብርብሩ ሜርኩሪ፣ ካድሚየም፣ አርሴኒክ የሚባሉ መርዞችን ይፈልጋሉ። ሲቆርጡ የብረት ቢላዋ ክልክል ነው። ቀለበትም ይወልቃል። ከቱቦው ጋር የተነካካው ዳርም ተፍቆ ይጣላል፤ የመሣሪያው ነገር ከጭቃው ነገር እንዳይቀላቀል።

«ሰው በማይኖርበት አገር ምን መርዝ አለ?» አለች እትዬ።

«ሰው ባይኖርም የሰው ነገር ይደርሳል፣ እትዬ። የመርከብ ቀለም አለ። የድሮ ቆሻሻ አለ። ነፋስም ከሩቅ ያመጣል።»

«እንግዲያው ሁሉም የሰው ጥፋት ነዋ!»

«እሱን ነው የማይቸኮልበት። ድንጋዩ ራሱ ከእነዚህ መርዞች አለው። በረዶ ሲፈጨው ወደ ባሕር ይወርዳል። ስለዚህ ታችኛውን ጭቃ ሳልጠይቅ በላይኛው ማንንም አልከስም። ሰው ከመድረሱ በፊት ምን እንደነበረ የሚያውቀው ታችኛው ነው።»

በዚያ ስላሉት ወፎችም አወራችን። ሁለት እግር አላቸው፤ አይበሩም። ቀጥ ብለው ሲቆሙ ጥቁር ካባ የደረበ ቄስ ይመስላሉ። እትዬ አላመነችም። «ክንፍ ካለው ምን ያስቆመዋል?» እያለች ሁለት ቀን ተከራከረች።

የእኔ ጭንቅ ሌላ ነበር። ጡቴ አጋተ። ጠዋት ጠዋት በቆርቆሮ ኩባያ አልቤ ፍሳሽ ላይ እደፋለሁ። የጭቃዋ ሴት ብርድ ልብሷን መጋረጃ አድርጋ ትይዝልኛለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። አንድ ቀን እንኳ «አይዞሽ» አላለችኝም። ብርድ ልብሱ ግን ከእጇ ዝቅ ብሎ አያውቅም። ውዳሴ ማርያሜን እዚያ መጋረጃ ውስጥ ሆኜ እጨርሳለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከጠዋቱ ቆጠራ በኋላ፣ ተጠራሁ።

መርማሪው ወጣት ነው። አልጮኸም። ወንበር ሰጠኝ። ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ ደብተርና በማሽን የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ነበር።

«ይሄ የጓደኛሽ ደብተር ነው። ለእናቷ ተዝካር ከውጭ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ተገኘ። እስቲ አንብቢው።»

አርሴኒክ፣ ሜርኩሪ፣ ካድሚየም ይላል። ከሥራቸው ቁጥር አለ።

«ሁሉም መርዝ ነው» አለኝ። ገጹን ገልጦ በእርሳስ የተሣለ ውሃ አሳየኝ፤ ሦስት ጎኑ በመሬት የተከበበ። «ይሄ ደግሞ የከተማው ግድብ ነው። የት የት እንደሚጨመር ነጥብ አድርጋበታለች። የከተማውን ውሃ ልትመርዝ እንዳሰበች ነግራኛለች ብለሽ እዚህ ላይ ፈርሚ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና ቤትሽ ያደርስሻል። ዛሬ ልጅሽን ታጠቢያለሽ።»

«ልጅሽ» ሲል ወተቴ ወረደ። ቀሚሴ ረጠበ። መርማሪው አይቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። ስለዚያ አልወቅሰውም።

እውነቱን ለመናገር እጄ ወደ እስክሪብቶው ሄዷል። ይህችን ሴት የማውቃት ሦስት ሳምንት ነው። ስለ በረዶው የነገረችን ሁሉ ተረት ቢሆንስ? ብርድ ልብስ መያዝ ንጹሕ ያደርጋል? ልጄ ደግሞ የእኔ ናት፤ ጡት ጠብቃ የምታለቅስ። እመቤቴን ጠራኋት። የመጣልኝ ቃል አልነበረም። ዝም ብዬ ደብተሩን እንደገና ማየት ፈለግኩ።

«ሥዕሉን ላየው?»

ገፋልኝ። በውሃው ዳር፣ ከጠርዙ አጠገብ፣ በጥፍር ልክ የተሣለ ነገር አለ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረብኩት። ሁለት እግር አለው። ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጀርባው ጠቁሯል።

«ይሄ ወፍ ግድቡ ላይ የለም» አልኩት።

«የቱ ወፍ?»

«ይኸው። በረዶ ላይ የሚቆም ወፍ ነው። ቄስ የሚመስል። እኔ ያደግኩት ግድቡ አጠገብ ነው፤ ዳክዬና ሳቢሳ እንጂ እንዲህ ያለ አላየሁም።»

ጎንበስ ብሎ አየው። ከንፈሩ ሊስቅ ሲል ያዘው። ደብተሩን ዘጋ።

«ትፈርሚያለሽ፣ አትፈርሚም?»

«በዚህ ላይ አልፈርምም። ባዶ ወረቀት ይስጡኝና የሰማሁትን ልጻፍ።»

መሳቢያውን ከፈተ። ከዚያ ወረቀት ሰጠኝ። የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው፤ ግን ጽሑፌ ጥሩ ነበር። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ይህች ሴት ውሃችንን አጠለለችልን። ስለ ሩቅ ባሕር ጭቃ ነገረችን። መርዙን የምትፈልገው ከየት እንደመጣ ለማወቅ መሆኑን ሰማሁ፤ ለመጨመር ነው ስትል አልሰማሁም። ሌላ የማውቀው የለም። ልጄን እግዚአብሔር ይጠብቅልኛል።» ከሥሩ ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

አነበበው። «የመጨረሻውን ሰርዢው። ምስክርነት አይደለም።»

«እሱም እውነት ነው» አልኩት። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ተነሳሁ። ረጥቦ የቀረውን ቀሚሴን በነጠላዬ አልሸፈንኩም። ኮሪደሩን በዚያው ሄድኩ።

በዘጠኝ ሰዓት መኪና ሲነሳ ከክፍላችን ይሰማ ነበር። የጭቃዋ ሴት ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት። የዕለቱን ውሃ ቀዳሁ።

ከአንድ ወር በኋላ የጭቃዋ ሴት «ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ» ተብላ ተፈታች። ያቺ ወረቀት ትርዳት አትርዳት እስካሁን አላውቅም። እኔ አምስት ወር ቆየሁ። ወተቴ በሁለተኛው ወር ደረቀ።

ይህን የጻፍኩት ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ በስደት አገር፣ ዳውንታውን ከምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ነው፤ አንዱ መኪና ወጥቶ ሌላው እስኪመጣ ባለው ጊዜ። ለመጻፍ ያነሳሳኝ ያለፈው እሑድ ነው። ከሎረንስቪል ወደ ቅዳሴ እየሄድን ነበር። ልጄ ገና የመንዳት መለማመጃ ፐርሚት ማውጣቷ ስለሆነ እሷ ትነዳለች፤ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እጸልያለሁ። ስልኬ ላይ ፎቶ ገባ። ያቺ የጭቃዋ ሴት ናት፤ ወፍራም ብርቱካንማ ልብስ ለብሳ፣ ጓንቷ በጭቃ ተለውሶ፣ ከኋላዋ በረዶ። ተመልሳ ወደ ሥራዋ ገብታለች።

«ማናት ማሚ?»

«አብራኝ የታሰረች። ዓይንሽን መንገድ ላይ አድርጊ።»

መታሰሬን ታውቃለች። ወረቀቱን ግን አታውቅም ነበር። ሃይዌዩ ረጅም ስለሆነ ነገርኳት። ሌይን ቼንጅ ሳታደርግ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«ዌይት። ብትፈርሚ ዘ ሴም ዴይ ትመጪ ነበር?»

«አዎ።»

«እና ከአምስት ወር በኋላ ስትመጪ እኔ ምን አልኩ?»

«አላወቅሽኝም። አክስትሽ አንገት ላይ ተጠምጥመሽ አለቀስሽ። እኔ ጋ ለመምጣት ዘጠኝ ቀን ፈጀብሽ።»

ፍሬቻ አሳየች። ኤግዚታችንን ወጣን። ቀዩ መብራት ላይ ስንቆም ሁለት እጇን መሪው ላይ እንዳደረገች ተናገረች።

«ማሚ፣ እኔ ብሆን እፈርም ነበር። ኦነስትሊ። ለልጄ ብዬ እፈርም ነበር።»

ልቆጣት አስቤ ተውኩት። ፊቷን አየሁት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ያሰበችውን ሳትፈራ በጠራራ ፀሐይ ለእናቷ ትናገራለች። ያን ወረቀት ፊቷ ያስቀመጠ ሰው የለም።

«ተመስገን» አልኩ።

«ለምኑ?»

«አረንጓዴ ሆኗል፤ ሂጂ» አልኳት።