ከመቀመጫው ሥር የተገኘችው ማጭድ

እኔ ዲሽ አስተካካይ ነኝ። ቡራዩ ውስጥ ጣሪያ ላይ ወጥቼ የሚያየኝ ሁሉ ሽቦ ያለው ነገር በሙሉ የሚገባኝ ይመስለዋል። አጎቴም እንደዚያው መሰላቸው።

አጎቴ ገፈርሳ ግድብ ላይ ጀልባ ነጂ ናቸው። ውሃው ሥር የተኛውን ደለል የሚለኩትን ባለሙያዎች ከዳር እስከ ዳር፣ ቀጥ ባለ መስመር ያመላልሳሉ። አምና ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸው ከዳቸው። ከዚያ በኋላ ጀልባዋ መዋለል ጀመረች፤ ልኬቱም ተበላሸ። ኃላፊያቸው ደግ ሰው ነው። ማሰናበቱ ቢከብደው ከመጋዘን አንድ መሣሪያ አስወጣ፤ ከመሪው ጋር ይገጠማል፣ በኮምፓስ እየተመራ ጀልባዋን ራሱ ይነዳል።

«አንተ ግጠምልን፤ ቀጥ ብላ ከሄደች ጋሼ ሥራቸው ላይ ይቆያሉ» አለኝ።

ታዲያ እንዴት እምቢ ልበል?

በበርሜል ላይ ከተረበረበው የጣውላ ማረፊያ ስንደርስ ገመዱን የያዙት ሁላችን ኦቦ የምንላቸው ጥበቃው ነበሩ፤ የአጎቴ የድሮ ወዳጅ። «አካም ቡልተን? እንዴት አደርክ? ዛሬ ይህን ወይፈን ትገራልናለህ?» አሉኝ። አጎቴ ደግሞ መሣሪያውን አገላብጠው አዩና «ከእጅ አይሻል ዶማ» ብለው ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

መሣሪያውን ከመሪው ጋር ገጠምኩት፤ ማረፊያው ላይ የሚሠራው ቀላል ነበር። መሪውን መሐል ላይ አድርጎ አንድ ቁልፍ መጫን፤ ወደ ግራ እስኪበቃው አዙሮ መጫን፤ ወደ ቀኝም እንደዚያው። ደረቴን ነፋሁ። ቀጥሎ ኮምፓሱ እንዲለምድ ጀልባዋን ቀስ እያሉ ክብ ማዞር ነው። አዞርን። መሣሪያው ጮኸና «በአቅራቢያው ብረት አለ» አለ። ደግመን አዞርን፣ ያንኑ አለ። ስልኬን አራቅሁ፣ የመፍቻ ሳጥኔን ለኦቦ ሰጠሁ፣ ቀበቶዬን ሳይቀር ፈታሁ። አሁንም ይጮኻል። ላብ በላብ ሆንኩ። ዲሽ ቢሆን ኖሮ በእርግጫ እለው ነበር።

በመጨረሻ የነጂውን መቀመጫ ፈታሁት። ከሥሩ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለች ማጭድ አለች።

የማን እንደሆነች ለመጠየቅ እንኳ አላስፈለገም። እኛ ቤት አራስ ራስጌ ብረት ይደረጋል፣ ክፉ መንፈስ እንዳይቀርብ። አክስቴ ባሏን የመታው የውሃው ጋኔን ነው ብላ ታምናለች። ምሳ ያመጣች አስመስላ መጥታ ሸጉጣታለች ማለት ነው። አጎቴ ነጠላውን ለዩትና አንገታቸውን ደፉ። «ነግሬያት ነበር እኮ፣ አትስጊ ብዬ» አሉ።

ማጭዷን ማረፊያው ላይ አስቀምጠን እንደገና ዞርን። መሣሪያው ዝም አለ። ኃላፊውን ጠራነውና ከአጎቴ ኋላ ተቀመጠ፤ ከማዶ ወደሚታየው ባሕር ዛፍ አቅጣጫ ለቀቅናት። ጀልባዋ በክር እንደተሳበች ቀጥ ብላ ሄደች። አጎቴ ግራ እጃቸውን መሪው ላይ አድርገዋል፤ መሪው ከእጃቸው ሥር በራሱ ወዲያ ወዲህ ይላል። ትንሽ ቆይተው እጃቸውን አነሱና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ኃላፊው በደስታ ልጅ ሆነ። «ይሄማ ነጂም አያስፈልገው! ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ኦቦም ቢሆኑ ይነዷታል!» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ስንመለስ ኦቦ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው ገመዱን አሰሩ። ኃላፊው ለአለቆቹ ሊደውል ወደ ቢሮው ወጣ፤ ነገ መጥተው እንዲያዩ ሊጋብዛቸው ነው።

አጎቴ ከመቀመጫቸው አልተነሱም።

«ልጄ፣ ማጭዷን ቦታዋ መልሳት» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ከመለስኳት እኮ ነገ መሣሪያው ይስታል። መሪውን እርስዎ ሊይዙ ነው።»

«ልያዛ።»

ቀኝ እጃቸውን አየሁት። አጠገባቸው እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጧል። ብመልሳት ነገ አለቆቹ ፊት ጀልባዋ ትዋልላለች። ባልመልሳት ደግሞ ያለ እሳቸው ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ኦቦን አየሁ፣ እሳቸውም ወደ ውሃው ዞሩ።

«መልሳት እንጂ» አሉ አጎቴ፣ «አክስትህ ትጠይቀኛለች።»

በነጠላዋ ጠቅልዬ መለስኳት።