ነጩ ዱቄትና የባሌ እጅ

ላሜ አጥንት ትበላ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ከቡሬ ወዲህ ካለችው መንደራችን። አባቴ ሲድሩኝ የሰጡኝ ላም ናት። ከወለደች ወዲህ ሣሩን ትታ የአህያ መንጋጋ ታኝካለች፤ የኋላ እግሯ ይጎተታል፤ ወተቷም እየነጠፈ ሄደ።

ጎረቤቴ ታዲያ ዝም አትልም። «ላምሽ ጅብ ሆናልሻለች፤ ማታ በርሽን ዝጊ!»

«አንቺን ከበላችልን መንደሩ ያርፋል!» አልኳት። አፌ እንዲህ ይበል እንጂ ሆዴ ፈርቷል። በሬውም እርሻውም የባሌ፤ የኔ የምለው ያችን ላም ነው።

እያዘገምን ቡሬ ከከብት ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኳት። ጥርሷን አየ፣ ወገቧን ዳሰሰ። «እህቴ፣ ግጦሹ አጥንት የሚያጠነክረው ነገር ጎድሎታል። የነበራትንም ወተቱ ጨረሰባት። አጥንት የምትበላው እሱን ፍለጋ ነው» አለኝ። በከረጢት ነጭ ዱቄት ሰጠኝ። «ጧት ጧት እፍኝ እፍኝ በአተላ በጥብጠሽ አጠጫት። ቶሎ ትድናለች ብለሽ አትጠብቂ፤ ግን እንዳታቋርጪባት። ካቋረጥሽ ትወድቅብሻለች።»

ባሌ ይህን ሲሰማ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንቺ ውኃ ውረጂ። ላሚቱን እኔ አጠጣልሻለሁ።»

ደስታዬን አትጠይቁኝ! ምንጭ ዳር ለሴቶቹ ሁሉ አወራሁ። «የናንተ ባል ለላም አተላ ይበጠብጣል? የኔ ይበጠብጣል!» እነሱ ቀኑ፣ እኔ ተንቀባረርኩ። ላሜ ግን ባሰባት። ሐኪሙ ቶሎ አትጠብቂ ብሎኝ የለ? ጠበቅሁ።

አንድ ጧት የእንስራዬን ማዘያ ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ። ባሌ በረት ውስጥ ያወራል፤ ድምፁ ማር ማር ይላል። «ጠጣ የኔ አንበሳ፣ ጠጣ ጌታዬ።» ከተዳርኩ ጀምሮ ያንን ድምፅ ለኔ ሰምቼው አላውቅም! ብቅ ብል የሚያጠጣው የእርሻ በሬውን ነው። እጁ እስከ ክንዱ ነጭ ሆኗል። ላሜ ፊት ያለው አተላ ጥቁር፣ ዱቄት ያልነካው ባዶ አተላ ነው። ተነሺ ብላት አልተነሳችም።

«አንተ ሰው፣ ምን አደረግኸኝ?»

«ላም ብትወድቅ ወተት ይቀራል፤ በሬ ቢወድቅ እህል ይቀራል።»

«በሬህን ምን ነካው? አጥንት በላ ወይስ ወተት ታለበ?»

«ለላም የበጀ ለበሬም አያንስም ብዬ ነው…»

«ብትነግረኝ አላካፍልህም ነበር? እኔ ምንጭ ዳር ስምህን ሳሞግስ!»

ባሌ እጁን ከኋላው ደበቀ።

በእንጨት ደግፈው የመንደሩ ወንዶች ላሜን አነሷት። ያችው ነገረኛ ጎረቤቴ አተላዋን አመጣችልኝ። ሐኪሙን ዳግመኛ ለምኜ ሌላ ዱቄት አመጣሁ፤ በገዛ እጄ በጥብጬ አጠጣኋት፤ ከረጢቱንም ከራስጌዬ አድርጌ ተኛሁ። ውኃስ? እንስራውን ለባሌ አሸከምኩት! ወንድ ልጅ ውኃ ሲቀዳ ሴቶቹ ምን እንዳሉት እናንተው ገምቱ።

ላሜ ውላ አድራ በእግሯ ቆመች፤ ወተቷም ተመለሰ። እኔና እሱም አብረን አረጀን። ግን እስከ ዛሬ ድንገት ደግ ሲሆንብኝ፣ «እስኪ እጅህን አሳየኝ» እለዋለሁ። እየሳቀ ይዘረጋልኛል። እኔም እስቃለሁ።

እጁን ግን አያለሁ።