ጠዋት ጠዋት የምታስለው መኪና

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል፤ ኩዳይ፣ መካ

ከባለቤቴ ከዘይነባ ጋር ከተጋባን አራት ዓመታችን ነው፤ አብረን የኖርነው ግን ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። እሷ በሰው ቤት እያደረች ትሠራለች፣ እኔ ኩዳይ ሆቴል ውስጥ ልብስ አጥባለሁ። በዚህ ሳምንት አሠሪዋ ማዳም ያላሰብነውን ነገር አመጣች። «መንጃ ፈቃድ አለሽ። መኪና ካገኘሽ ከእሑድ ጀምሮ ሦስቱን ልጆቼን መደርሳ አመላልሺ፣ ማታ ቤትሽ ግቢ። ካላገኘሽ ሌላ ሹፌር አመጣለሁ» አለቻት። እሑድ ነገ ነው። ወደ ጅዳ የምንሄደው ትንሽ ያገለገለች መኪና ፍለጋ ነው።

መራጩ እኔ ነኝ። ልጅ ሳለሁ ከደሴ ኮምቦልቻ የአውቶቡስ ረዳት ነበርኩና «ሞተር በጆሮዬ ነው የማውቀው» እያልኩ ዘይነባን አራት ዓመት አደንቁሬያታለሁ።

በጋራ ታክሲ፣ በሰው ሃያ ሪያል ከፍለን ተነሣን። ግራና ቀኙ ጥቁር የድንጋይ ኮረብታ ነው፤ መንገዱ ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ እንቅልፍ ይጋብዛል። ሹመይሲ ስንደርስ ግን የተኛ የለም። ታክሲው ውስጥ ያለነው አበሾች ሁሉ፣ በወረቀት ጉዳይ የተያዙት ወገኖቻችን ወደሚቆዩበት ግቢ ዓይናችንን አዞርን። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ ኪሴ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ዳሰስኩት። ዘይነባም ቦርሳዋን ስትዳብስ አየኋት።

ሦስት ሰዓት፤ የመኪና ገበያ፣ ጅዳ

ፉልና ትኩስ የተሚስ ዳቦ በልተን ገበያው ውስጥ ገባን። አንዱ ሐራጅ ባይ ድምፅ ማጉያ ይዞ «ሱከር ፊ ሞያ! ኩመት ሐዲድ!» እያለ ይጮኻል። ስኳር በውሃ፣ የብረት ክምር ማለቱ ነው። የገበያው ደንብ ነው አሉ፤ ይህ ከተባለ በኋላ የገዛችሁት መኪና እንደ ስኳር ቢሟሟም ስሞታ የለም። እንዲህ ዓይነት ግልጽነት አይቼ አላውቅምና ቆሜ ሰማሁት።

ከሐራጁ አጠገብ ባለ ጥላ ሥር፣ አንድ ነጋዴ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት ነጭ መኪና አሳየን። «ከትናንት ወዲህ አልተነሣችም» ብሎ አስነሣት። ድምፅ የላትም! ልቤ ሄደ። ዘይነባ ግን ኮፈኑ ላይ መዳፏን አሳረፈች፣ ከዚያ አጠገቧ የቆመችውን ሌላ መኪና ነካች።

«ይቺ ጎረቤቷ ቀዝቃዛ ናት፣ ነጯ ግን ገና ከመነሣቷ ትኩስ ናት» አለችኝ በአማርኛ። «ማዳም ከውጭ ስትገባ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ነው የምትዳስሰው። ልጆቹ ‹ስናጠና ነበር› ቢሏት ወላሂ አትሰማቸውም።»

«መኪናና ቴሌቪዥን አንድ ነው እንዴ?»

«ውሸት አንድ ነው። ያላ፣ እንሂድ።»

ተኮራርፈን ወጣን።

አምስት ሰዓት፤ አል-ባላድ

ጋሽ ሰዒድ የሐይቅ ሰው ናቸው፤ ስልካቸውን ያገኘነው ከአንድ የሱቅ በር ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። ብዙ ዓመት ከኖሩበት ጅዳ ኹሩጅ የሚባለውን የመውጫ ቪዛ ወስደው ጠቅልለው ወደ አገራቸው ሊገቡ ነው። በቀጭኑ የድሮ ሰፈር መንገድ ዳር፣ አቧራ የለበሰች ሰማያዊ መኪና ቆማለች።

«እናንተ እስክትመጡ አላስነሣኋትም፤ ንኳት» አሉ። ዘይነባ ነካቻትና አየችኝ። ኮፈኑ ቀዝቃዛ ነው።

ቁልፉን አዞሩ። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ ሦስት ጊዜ አሳለች፣ ከዚያ ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለች መሥራት ጀመረች።

«ቫልቩ አልቋል» ብዬ ፈረድኩ።

ጋሽ ሰዒድ ሳቁ። «ጠቅጠቅታው ጤናዋ ነው፣ ወንድሜ። ይህቺ ቤንዚኑን በትልቅ ግፊት በቀጥታ እሳቱ ቤት ውስጥ ነው የምትረጨው፤ የምትሰማው መርጫውን ነው። ዓይቧ፣ ጉድለቷ፣ ሳሉ ነው። በድሮዎቹ ሞተሮች ቤንዚኑ ቫልቩን እያጠበ ይገባል። በዚህች አያጥበውም፣ ጥላሸት ይይዛል። ማስጠረግ ነበረብኝ፣ ሰነፍኩ። ሲሞቅ ይተዋታል፤ ደብቀህ ለመሸጥ ቀድመህ ማሞቅ ነው።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ የዕቃውን ዓይብ የሚናገር ሻጭ ይበልጥ አስፈራኝ። «ለምን ነገሩን?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ለአገሬ የሚበቃኝን ሻንጣ ሞልቻለሁ» አሉ። «ዓይብ ደብቄ የሸጥኩትን የምጨምርበት ቦታ የለኝም።»

ወደ መመርመሪያ ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ ቫልቮቹን አሳየን፤ የከሰል ምድጃ አፍ ይመስላሉ። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ ማስጠረጉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጋሽ ሰዒድ ለዚያ የሚሆነውን ከዋጋው ላይ ቀነሱልንና በአሥራ ስድስት ሺህ ሪያል ተስማማን። የባለቤትነት ስሙ በስልክ መተግበሪያ ተዛወረ። ቁልፉን ለእኔ ሳይሆን ለዘይነባ ሰጧት።

ዘጠኝ ሰዓት፤ የመልስ መንገድ

ዘይነባ ትነዳለች። የመካ መግቢያ ኬላ ላይ ፖሊሱ ኢቃማችንን አይቶ «ያላ» ብሎ አሳለፈን። የቁርዓን ማኖሪያ ቅርጽ ያለው ትልቁ በር ከመንገዱ በላይ ሲታየን እኔም ዓይቤን አወጣሁት።

«ዘይነባ፣ ሞተር በጆሮዬ አላውቅም። ረዳት እያለሁ ሥራዬ ሻንጣ መጫን ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። «ጥላሸቱ ገና ዛሬ ለቀቀህ።»

እሑድ፤ ኩዳይ

ማለዳ መኪናዋ አሳለች፣ እኔም እስከ ማዳሟ በር አብሬ ሄድኩ። ዘይነባ ልጆቹ ሳይገቡ «ማዳም፣ ይህቺ መኪና ጠዋት ታስላለች፤ በዚህ ወር አስጠርጋታለሁ» ስትል ሥራው ቀረ ብዬ አሰብኩ። ሴትዮዋ መኪናዋን ዞራ አየችና «ኸላስ፣ ይሁን፣ በዚህ ወር» አለች። ሦስቱ ልጆች ገቡ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ሲገዙ ድምፅ ከማዳመጥ በፊት መዳፍ ማሳረፍ እንደሚሻል ነው። ማታ ከሥራ ስመለስ ሰማያዊዋ መኪና በራችን ላይ ቆማ አገኘኋት። ኮፈኗን ዳሰስኩት፤ ትኩስ ነው። ዓርብ አይደለም፣ ዘይነባ ግን ቤት ናት።