«ደህና ነበሩ»

የወንድሜ ሚስት ሥራዋ ስለ ሞቱ ሰዎች መጠየቅ ነው። ሐኪም ሳያያቸው ቤታቸው ወደሞቱ ሰዎች ቤተሰብ እየሄደች፣ ሟቹን ምን ምን ያመው እንደነበር ትጠይቃለች። መልሱ ዋናው መሥሪያ ቤት ይገባና በአገሩ የትኛው በሽታ ስንት ሰው እንደወሰደ፣ ስንት ዓመት ዕድሜ እንደቀማ ይሰላበታል። «አንቺ እኮ ለቅሶ ለመድረስ ደሞዝ የሚከፈልሽ ሰው ነሽ» እያልኩ አሾፍባታለሁ።

ሳቅ ትወዳለች። «ደህና ነበሩ» የሚለው መልስ ብቻ አያስቃትም። የትም ቤት ብትገባ መጀመሪያ የምትሰማው እሱን ነው።

«ደህና ነበሩ፤ ድንገት ነው።»

እሷ ታዲያ አትለቅም። «ዳገት ሲወጡ ያርፉ ነበር?»

«እ... መቼም ያርፉ ነበር። ድካም ነው ይሉ ነበር።»

«ደረታቸውን ያማቸው ነበር?»

ይሄኔ ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሣል።

ባለፈው ወር ወንድሜ ደረጃ ላይ መቆም ጀመረ። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቃችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ እኔም አብሬው ቁልፍ እተክላለሁ። የጨርቅ ጥቅል ተሸክሞ ሲወጣ መሀል ላይ ይቆምና በመስኮቱ መንገድ የሚያይ ይመስላል። በዚያ መስኮት የሚታየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። ፈርቼ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። ሚስቱ ግን አንድ ቀን ሱቅ ስትመጣ ደረጃው ላይ ቆሞ ስታየው አየኋት፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም፤ አንድ ቤት ስለምንኖር አያለሁ። ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ትለዋለች፣ «ደህና» ይላታል፣ በዚያው ያልቃል። የሰው ቤት ገብታ ሦስቴ የምትጠይቅ ሴት ባሏን አንዴ መድገም አቃታት።

«ለምን ደህና አድርገሽ አትጠይቂውም?» አልኳት ጓዳ ውስጥ።

«መልሱን ብሰማውስ?» አለችኝ።

ትናንት ከሥራ በቀጥታ ሱቅ መጣች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ፊቱ ተገተረች። ወንድሜ መቀሱን እንደያዘ ቀና አለ።

«ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

አፏን ከፈተች። ምላሷ ግን በለመደው መንገድ ሄደ።

«ደረታቸውን ያማቸው ነበር?»

«ኧረ ምን ነካሽ! ገና በቁሙ!» ብዬ ጮህኩ። እሷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። ወንድሜ አልተቆጣም፣ አልሳቀም። መቀሱን ጨርቁ ላይ አኖረና ቁጭ አለ።

«ያማቸው ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ለሚስታቸው መንገር ፈርተው ነው።»

ከዚህ ቀጥሎ ለቅሶ ቤት የምትጠይቀው አለ፤ ከመስማት ብዛት እኔም በቃሌ አውቀዋለሁ። አልጠየቀችውም። ኮቱን ከመስቀያው አንስታ እጅጌውን እንደ ሕፃን አለበሰችውና ክንዱን ይዛ ወደ ሐኪም ቤት ልትወስደው ወጣች።

«ቀስ በል» ስትለው ከደረጃው ይሰማኛል። «አይዞህ፣ ቀስ በል።»

ሱቁን ሳልቆልፍ ተከተልኳቸው።