ያልወረደው ዝሆን

የመጫወቻ ካርታውን የሠራነው ልጆች ሳለን ነው፣ ከጫማ ካርቶን፣ እኔና የጎረቤታችን ልጅ። ቤተሰቦቿ ከወሎ መጥተው ካዛንቺስ የሰፈሩ ነጋዴዎች ናቸው፤ የሁለታችንን ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር። እሷ እንስሳቱን ትስላለች፣ እኔ ዋጋ አወጣለሁ። ጫጩት አንድ ቆርኪ፣ ጅብ ሦስት፣ አንድ ብቻ የሆነው ዝሆን ደግሞ ስምንት። በየዙሩ ከክምሩ አንድ አንድ ካርታ እንስባለን፣ አንድ አንድ ቆርኪም እናገኛለን። ከፍለን ያወረድነው እንስሳ የሌላውን ሽምብራ ይበላል፤ ጫጩት በዙር አንድ ፍሬ፣ ዝሆን ስድስት። ሽምብራው ያለቀበት ይሸነፋል። የተሸነፈ ሰው በእጁ የቀረውን ካርታ ገልጦ ማሳየት አለበት፤ ደንባችን ነበር።

እኔ ሁሌም ዝሆን ጠባቂ ነበርኩ። ቆርኪዬን አጠራቅሜ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ሲንጣጣ እየሰማሁ፣ ዝሆኑ የሚወርድበትን ሰዓት በሐሳቤ አያለሁ። ትልቅ ነገር ይመጣል ብሎ መቀመጥ እንዴት ይጣፍጣል! እሷ ግን በመጀመሪያው ዙር ጫጩት፣ በሁለተኛው ሌላ ጫጩት ታወርዳለች፤ እኔ ገና ሳልም ሽምብራዬ ያልቃል።

«አንተ እኮ ሰርግ ትደግሳለህ፤ እኔ ምሳዬን በልቼ ጨረስኩ» ትለኛለች። ያበሽቀኛል።

አደግን፣ ሥራ ያዝን፣ የእሁድ ከሰዓቱ ጨዋታ ግን አልቀረም። ከዚያ ሰፈሩ ሊፈርስ ሆነና ለእነሱ በከተማው አንድ ጫፍ፣ ለእኛ በሌላው ጫፍ ቤት ደረሰን። በመጨረሻው እሁድ ግማሹ ዕቃ ተጭኗል። ካርታው አንድ ስለሆነ ያሸነፈ ይውሰደው ተባባልን።

አጥሩ ተነሥቶ ስለነበር ብርሃኑ በማናውቀው በኩል ይገባል። ከኡራኤል በኩል የታክሲ ረዳቶች ጥሪ እንቅልፍ ውስጥ እንደሚሰማ ድምፅ ይመጣል። ካርታውን አጥብቄ ፈልጌዋለሁ፤ የእጇ ሥራ ነውና። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ በእሷ መንገድ ተጫወትኩ። ጫጩት፣ ጫጩት፣ ድመት። እሷ ምንም አታወርድም። ቆርኪዎቿን በጣቷ እያንሸራተተች ግድግዳውን ታያለች።

«ምነው ዛሬ?»

«በቃ ተጫወት።»

ሽምብራዋ አለቀ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

«አሳዪ!» አልኳት።

ገለጠችው። ዝሆኑ ነበር። ፊት ለፊቷ የተደረደሩትን ቆርኪዎች አየሁ፤ ለዝሆኑ በቅተው ይተርፋሉ።

«ማውረድ ትችይ ነበር እኮ! ለምን ተውሽው?»

«ካወረድኩት ጨዋታው ቶሎ ያልቃላ» አለች። «አንተም እንደ ወትሮህ የምትጠብቅ መስሎኝ።»

ውጭ የቆመው የጭነት መኪና ክላክስ አደረገ። ካርታውን ሰበሰብኩና ዝሆኑን መልሼ እጇ ላይ አስቀመጥኩት።

«ያለ እሱ ይጎድላል እኮ» አለች።

«ይጉደል። እሁድ ይዘሽው ነይ።»