ተመልሳ የምትወጣው ካርታ

ራስል ፔቲፈር አልዊን ትሬሎርን በደንብ አውቀዋለሁ ብሎ አፉን ሞልቶ መናገር አይችልም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ጂሎንግ ውስጥ ካለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው አዳራሽ፣ የምትሃተኞች ማኅበር በሚሰበሰብበት ጠረጴዛ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። እጆቹን ከሺህ እጆች መካከል ለይቶ ያወጣቸዋል። የጥፍሮቹን አቆራረጥ፣ የግራ አውራ ጣቱን ጠባሳ፣ ካርታ ሲበውዝ የሚያሰማውን ድምፅ ሳይቀር ያውቃል። የዓይኑን ቀለም ግን ቢጠይቁት አያውቀውም። ሚስቱ መሞቷን የሰማው እንኳ ወር ካለፈ በኋላ ነበር። ሴት ልጅ እንዳለችው ደግሞ አልዊን ራሱ ጎሚስታው ድረስ መጥቶ እስኪነግረው ሰምቶ አያውቅም።

የመጣው ማክሰኞ ቀን ነው። ራስል ጎማ ሊያወጣ ቁጢጥ ብሎ ብሎን ሲፈታ፣ የተወለወሉ ጥቁር ጫማዎች አጠገቡ ቆሙ።

«ተነፈሰብህ እንዴ?» አለ ቀና ሳይል።

«ጎማው ደህና ነው። እጄ ነው።»

አልዊን ቀኝ እጁን ዘረጋለት። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አርባውን የኖረው የሱፍ ደረጃ ሲመድብ ስለሆነ መዳፉ በበግ ስብ ለስልሶ እንደ ሕፃን ቆዳ ሆኗል። አሁን ግን ከመዳፉ ቆዳ ሥር ገመድ የመሰለ ነገር ተወጥሮ፣ ትንሿንና ከእሷ ቀጥላ ያለችውን ጣት ወደ ውስጥ ጎትቶ አጥፏቸዋል።

«እስቲ ዘርጋው።»

«ዘርግቼዋለሁ።»

ራስል እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተነሣ። «ለዚህ ነው ለካ ሦስት ሐሙስ እጅህን ኪስህ ውስጥ ቀብረህ ሻይ ብቻ ስትጠጣ የከረምከው። ዱጋልድ እኮ ካርታውን በቁማር ተበልቷል እያለ ማኅበርተኛውን ሁሉ ሲያስቅ ነበር።»

«ዱጋልድ ምን ጊዜም ዱጋልድ ነው።»

«ሐኪም ምን አለህ?»

«ይቀደዳል አለኝ። ተራዬ ግን ከገና በፊት አይደርስም። እኔ ያለኝ ሦስት ሳምንት ነው።» ከደረት ኪሱ አንድ ፖስት ካርድ አውጥቶ ሰጠው። ጀርባው ላይ ሁለት መስመር ብቻ ተጽፏል፦ ቅዳሜ በአሥራ አራት፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት፣ ወደቡ ላይ ያለው ሻይ ቤት። አንድ ሰዓት አለኝ። ሮዝሊን።

«ማን ናት?»

«ልጄ። ከተያየን አሥራ አንድ ዓመታችን ነው።»

አልዊን በግራ እጁ ኪሱ ውስጥ ያለውን ካርታ እየዳሰሰ ነበር።

«የምነግራት ነገር የለኝም፣ ራስ። ድሮም ኖሮኝ አያውቅም። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ከእሷ ጋር ያወራሁት በዚህች ነው። ተመልሳ የምትወጣውን እሠራላታለሁ፣ እሷ የልብ አራትን ትመርጣለች፣ ከዚያ ወሬ ይመጣል። ሌላ መንገድ አላውቅም።»

«የልብ አራትን አንተ ነህ የምታስመርጣት?»

«ሌላ እንድትወስድ ብዬ ባቀርብላት እንኳ ፈልጋ ታወጣታለች።» የታጠፉትን ጣቶቹን አየ። «ደብተሬ ላይ ካሉት አርባ አንድ መንገዶች አንዱ ለዚህ እጅ መሆን አለበት። ዓይን ያስፈልገኛል። እሑድ እሑድ ትመጣልኛለህ?»

ጨዋታው ራሱ ቀላል ነው። ሰው አንድ ካርታ ይመርጣል፤ ካርታዋ ከክምሩ መሐል ትገባለች፤ ምትሃተኛው ጣቱን ያጮኻል፤ ካርታዋ ከላይ ትገኛለች። እንደገና መሐል ትገባለች፣ እንደገና ከላይ። እንዴት እንደምትወጣ ግን እያንዳንዱ እጅ የራሱ መንገድ አለው። አልዊን በዕድሜው ያገኛቸውን ሁሉ በአሮጌ የሱፍ መመዝገቢያ ደብተር ላይ አስፍሯቸዋል፤ የመደባቸውም እንደ ሱፍ ነው። ንጹሑ የጀርባ ሱፍ አንደኛ፣ የአንገቱ ሁለተኛ፣ የሆዱ ሦስተኛ፣ ከዚያ ወለል ላይ የሚጠረገው ቁርጥራጭ።

በመጀመሪያው እሑድ፣ በአልዊን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከአንደኛው ጀመሩ፤ ሁለት ካርታዎችን እንደ አንድ አድርጎ መገልበጥ ነው። አልዊን ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ሁለቱን ለየ፣ አነሣ። የታጠፈችው ትንሿ ጣት ጫፋቸውን ገጨችና ካርታዎቹ እንደ መቀስ ተከፈቱ።

«ታየ?»

«ታየ።»

«ምን ያህል?»

«ማዶ መንገድ ላይ ያለ ሰው ያየዋል።»

አልዊን በእርሳስ ሰረዘው። ቀጥሎ የክምሩን ታችና ላይ በስውር የሚያቀያይረውን ሞከሩ። ይኼ ቀኝ እጅ እንደ ክዳን ሆኖ እንዲሸፍን ይፈልጋል፤ ክዳኑ ግን ተጣምሟል፤ በቀኝ በኩል የተቀመጠው ራስል ሁሉንም አየው። ሦስተኛው ካርታዋን ከመሐል ሰርቆ በመዳፍ ደብቆ ወደ ላይ መመለስ ነበር። እዚህ ላይ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ፤ ምክንያቱም ካርታዋ ከታጠፉት ጣቶች ሥር ገብታ ድምጥማጧ ጠፋ። ከየትም አቅጣጫ ቢያዩት እጁ የታመመ እጅ እንጂ ካርታ የያዘ እጅ አይመስልም።

«መልሳት እንግዲህ» አለ ራስል ቀስ ብሎ።

አልዊን እጁን ክምሩ ላይ አሳረፈ። ካርታዋ አልወጣችም። ጣቶቹን ለማላቀቅ ታገለ፤ ፊቱ ቀላ፤ በመጨረሻ በግራ እጁ ጎትቶ አወጣት፤ መሐሏ ላይ ተሰብራለች።

«ከዚህ የተሻለ መደበቂያ በዓለም ላይ የለም» አለ። «በር ብቻ የለውም።»

ራስል ሳቀ። አልዊን አልሳቀም።

«ስማኝማ፣ ሃምሳ ሁለቱም የልብ አራት የሆነ ካርታ አለኝ። ማንም እጅ ይሠራበታል።»

«ስጨርስ ተቀብላኝ አንድ በአንድ ታየዋለች። በስድስት ዓመቷም እንደዚያ ነበረች።»

«አሁን ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው ብለኸኝ የለ?»

«ታዲያ ይብስባት የለ?»

«እሺ፣ እሷ ራሷ እየቆጠረች የምታወጣው? አንተ ካርታውን አትነካውም።»

«ያ ሒሳብ ነው» አለ አልዊን፤ ከሆድ ሱፉ በታች መደበው።

በሁለተኛው እሑድ ሠላሳ ሦስት መንገዶች ተሰርዘው ነበር። ራስል ሲገባ አልዊን የታጠፉትን ጣቶች ከእንጨት ማንኪያ ጋር በፋሻ ጠፍሮ አገኘው። ፋሻው ሥር የጣቶቹ ጫፍ ጠቁሯል። ሳህኖቹ ከነምግባቸው ተከምረዋል፤ ወለሉ ላይ ካርታ ተበትኗል።

«ስንት ሰዓት ታስሮ ነው?»

«ከትናንት ጀምሮ። ፍታልኝና ተጫነው።»

«ምኑን?»

«እጄን። በሙሉ ክብደትህ። ጎማ ከቸርኬ የምታላቅቅ ሰው ሁለት ጣት ያቅትሃል?»

ራስል ፋሻውን ፈታ፣ መዳፉን በመዳፉ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ተጫነ። ገመዱ ከሥሩ ሲወጠር ተሰማው።

«ጨምር።»

ጨመረ። የአልዊን ግንባር ላይ ላብ ችፍ አለ።

«ጨምር አልኩህ እኮ።»

«አልጨምርም።» ራስል እጁን አነሣ። ጣቶቹም ወዲያው ወደ ነበሩበት ታጠፉ። አልዊን እጁን ጉያው ውስጥ ከትቶ ተቀመጠ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ራስል ሰው ሲያለቅስ ምን እንደሚደረግ አያውቅምና ደብተሩን አነሣ። ገጽ ሲገልጥ አሥራ ሰባተኛው መንገድ ጋ ደረሰ። ከሥሩ ምንም አልተጻፈም፤ ቀን ብቻ ነው። ደረጃም አልተሰጠውም።

ቀኑን አወቀው። «ይቺማ የዚያን ሐሙስ ናት። አራት ጊዜ የወጣችበት።»

አልዊን ፋሻውን ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰበ።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ልጠይቅህ ስል ነውር እየሆነብኝ ተውኩት። ሦስቱን መውጣት አውቃቸዋለሁ። አራተኛውን ግን… ጣትህን ወደ ላይ አነሣህ፣ ሁላችንም ጣሪያ ጣሪያውን አየን፣ ካርታዋ ከላይ ነበረች። ዱጋልድ እንኳ ቆሞ አጨበጨበ። በዕድሜዬ ያየሁት ትልቁ ነገር ነው። ምንድን ነው ያደረግከው?»

«ምንም።»

«ተው እንጂ። እዚህ ማን አለ?»

«ምንም አላደረግሁም እልሃለሁ።» አልዊን ጠረጴዛውን እያየ ነበር። «ካርታዋን መሐል ልከት ስል በሩ ተከፈተ። ሮዝሊን ናት። እናቷ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ ሮዝሊን መኪናዋን ሳታጠፋ ልትወስደኝ ነው የገባችው። ፊቷን አየሁት። አይቼው ሳበቃ ጣቴን አነሣሁባት። አንድ ደቂቃ፣ ልጨርስ ብዬ። እናንተ ጣቴን ስትከተሉ ካርታዋን ከላይ ጣል አደረግኳት። መሐል የገባች መሰላችሁ። አጨበጨባችሁ። እኔም እጅ ነሣሁ። ስወጣ ሄዳለች። በታክሲ ስደርስ እናቷ፣ ኢቮን፣ አልፋለች።»

ራስል ያን ምሽት ለማስታወስ ሞከረ። ጣቱ ይታየዋል፣ ቀጥ ብሎ፤ እጅጌው፣ ካርታው፣ አረንጓዴው የጠረጴዛ ልብስ ሁሉ ይታየዋል። በሩ ላይ ሰው አልነበረም። ጭብጨባው ውስጥ የራሱ እጆችም ነበሩበት፤ በሩ ላይ ግን ማንንም ማምጣት አቃተው።

ያኔ ነው፣ የዕድሜ ልክ ልማድ ሆኖበት፣ ከአፉ ያመለጠው። «ግን እኮ አሥራ ሰባተኛዋን መሥራት ትችላለህ። የምትፈልገው አመልካች ጣትህን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ደህና ነው።»

ራስል የተናገረው ነገር ለራሱ ሲገባው ጆሮው ጋለ።

«አውቃለሁ» አለ አልዊን። «ካወቅሁ ሁለት ሳምንቴ ነው። የጠራሁህ ሌላ እንድታገኝልኝ ነበር።»

በሦስተኛው እሑድ የቀሩትንም ሰረዙ። ባዶዋ ገጽ ብቻ ቀረች።

ቅዳሜ ራስል በመኪናው ወሰደው። ነፋሱ ከባሕሩ ይነፍሳል፤ ወፎቹ የተጣለ ድንች ጥብስ ይሻማሉ። «ባታሳያትስ?» አለ ራስል ሞተሩን አጥፍቶ። «ደህና ነሽ ብለህ ብትጀምርስ?»

«ከዚያ በኋላስ?»

አልዊን ወረደ።

ሻይ ቤቱ በሦስት በኩል መስታወት ስለሆነ ከመኪናው ሆኖ ሁሉ ይታያል። ሮዝሊን ቀድማ ተቀምጣለች፤ ረጅም፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰች፣ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች። አልዊን ቀኝ እጁን ሊዘረጋ ብሎ መልሶ ኪሱ ከተተው። አልተሳሳሙም። ሻይ መጣ። ራስል ሰዓቱን ያዘ፦ በስድስት ደቂቃ ውስጥ የአልዊን ከንፈር ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ፣ የእሷም ሁለት ጊዜ። ከዚያ አልዊን ካርታውን አወጣ።

ራስል መሪውን ጨበጠ።

በግራ እጁ ዘርግቶ አቀረበላት። ሮዝሊን ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችው። ቀጥላ ካርታውን እንዳለ ከእጁ ወሰደችው፣ ፊቱን ወደ ራሷ አዞረችው፣ እያገላበጠች ፈለገች፣ አንዷን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከዚያ ርቀት ቁጥሩ አይታይም። ቢሆንም ራስል የትኛዋ እንደሆነች አልጠፋውም።

አልዊን ካርታዋን አነሣ። ክምሩን በግራ ያዘ። ካርታዋ ወደ መሐል አመራች፤ አመልካች ጣቱም ተነሣች። ራስል ከጠረጴዛው ከፍ ስትል አያት፣ ከደረቱ ከፍ ስትል አያት፤ አገጩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሮዝሊን የአባቷን ጣት አየች። ሁለቱም አልተነቃነቁም። ከዚያ የአልዊን እጅ ቀስ ብሎ ወረደና፣ ከእነገመዱ፣ ከእነተጣመሙት ጣቶቹ፣ መዳፉ ወደ ላይ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተጋደመ።

በዚህ መሐል አስተናጋጇ ትሪ ይዛ መጥታ መስታወቱ ፊት ተገተረች። ራስል አንገቱን ወዲህ ወዲያ ሰበቀ፤ በሩን ከፈተ፤ አንድ እግሩን አወጣ። ሴትዮዋ ሲኒ እየሰበሰበች ከጎን ጠረጴዛ ካሉት ሰዎች ጋር ታወራለች፤ ምን እንደሚያስቃት እንጃ፣ ትስቃለች። ዞር ስትል ሮዝሊን ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ ቆማ ነበር። አንድ ነገር ብላ፣ ወይም ምንም ሳትል፣ በወዲያኛው በር ወጣች። ከአምስት ሰዓት ሃያ አምስት ደቂቃ አልፎ ነበር። አንድ ሰዓት አልሞላችም፤ ግማሹንም አልሞላች።

አልዊን ሒሳቡን ከፍሎ መጥቶ እስኪገባ ብዙ ቆየ። ካርታውን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጦ ባሕር ባሕሩን አየ። ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር የለም። ራስል ካርታውን ወደ ማኅደሩ ሊመልስ አነሣው፤ ሲያነሣው እጁ ቆመ። ሠላሳ ዓመት ካርታ የያዘ እጅ ሳይቆጥር ያውቃል።

«ሃምሳ አንድ ነው» አለ።

ራስል በመስታወቱ ውስጥ ወደ ጠረጴዛቸው አየ። ተጠርጓል፤ ወለሉም ባዶ ነው። «ሰጠሃት፣ ወይስ እሷ ናት የወሰደችው?»

አልዊን የመቀመጫውን ቀበቶ ሳበ። የታጠፉት ጣቶች እያደናቀፉት ማሰሪያውን አንድ ጊዜ ሳተው፣ ሁለት ጊዜ ሳተው። ራስል አላገዘውም። በሦስተኛው ቀጭ አለ።

«መንገዱ ሳይጨናነቅ እንሂድ» አለ አልዊን።